መብራት ሲጠፋ ቤቱን በምን እናሙቀው? ለሱሉልታው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ቤታችን ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ ያለው ሳሎኑ ብቻ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስምንት ዓመት ልጃችን፣ የሰባት ወር ሕፃንና እናቴ አብረን ነን። ሰኔ ከገባ ወዲህ መብራት በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይጠፋል። አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ጠፍቶ የሚመጣው በማግስቱ ነው። እናቴ ማታ ማታ ከሰል ታቀጣጥልና ጭሱ ሲያልቅ ሁላችንም ወደምንተኛበት ክፍል ታስገባዋለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ሁላችንም ራሳችንን አሞን ነው የነቃነው። እሷ ‹ብርድ ነው› ትላለች። ትንሽ ገንዘብ ቆጥቤያለሁ። ሂተርና ምጣድ የሚያሠራ ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ ጎረቤቴ እንዳለኝ ኢንቨርተርና ባትሪ ይበቃኛል? ደግሞስ ግድቡ አልቆ ተመርቆ እያለ መብራት ለምን ይጠፋል?»

ከራስ ምታቱ ልጀምር። ከጄኔሬተሩም ከባትሪውም የሚቀድመው እሱ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጠዋት ራሳቸውን ካመማቸው ነገሩ ብርድ አይደለም። ብርድ ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ዓይነት ሕመም አይመታም። የከሰሉ ጋዝ ነው። ሕፃኑ ደግሞ ራሴን አመመኝ ማለት አይችልም። ስለዚህ የቀረውን ከማንበብዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰል ሰው የሚተኛበት ክፍል አይግባ።

«ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚለው እምነት ብዙ ቤት ውስጥ አለ። የተሳሳተ እምነት ነው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ስለዚህ ሰው ይሸሸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። ከሰሉ ቀልቶ፣ ፍም ሆኖ፣ ‹አሁን ጥሩ ነው› በሚባልበት ሰዓትም ይህ ጋዝ በብዛት ይወጣል። እሳቱ እንዳይጠፋ አመድ አልብሶ ማሳደርም አያድንም። አየር ያጠረው ፍም እንዲያውም ይብስበታል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ጨው መበተን ጋዙን አይቀንሰውም።

ጋዙ የሚሠራው ደም ውስጥ ገብቶ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ክፍል ይይዘዋል፤ የሚይዘውም ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። ከያዘ በኋላ ቶሎ አይለቅም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቆላ ላይ ራስ ምታት ብቻ የሚያስከትል መጠን እዚህ የበለጠ ይጎዳል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አረጋውያን ደግሞ ቀድመው ይጎዳሉ።

«መስኮቱን ትንሽ ገርበብ እናደርጋለን» የሚሉ አሉ። ዝግ ከሆነ ክፍል ይሻላል፣ ግን አያስተማምንም። ስንት ጣት ገርበብ ማለት ይበቃል? ማንም ሊነግርዎ አይችልም። እንደ ነፋሱ፣ እንደ ክፍሉ ስፋት፣ እንደ ከሰሉ መጠን ይለያያል። ሌሊት ደግሞ አንዱ በርዶት ተነሥቶ ይዘጋዋል። ከሁሉ በላይ፣ ጋዙ የሚወጣበትና ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ አንድ ነው። ጋዙን በደንብ የሚያስወጣ መስኮት ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። ቤቱን የሚያሞቅ ከሰል ጋዙንም ቤት ውስጥ ያስቀረዋል። በመካከል ላይ የሚገኝ ደህና ቦታ የለም።

ከሰል እንደሚያሞቅ አልክድም። አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል ስምንት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው፤ አንድ ሂተር አራት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚሰጠውን ማለት ነው። እናትዎ የሚያምኑበት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ከሰሉን ነጥቀው በብርድ አይተዉአቸው። በምትኩ የሚሰጧቸውን ነገር አስቀድመው ያዘጋጁ። እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

እንደገና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የጉልበት መክዳት ከመጣ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ያውጡ። ከሰሉን ለማጥፋት ብለው ውስጥ አይቆዩ። የሚያንቀላፋ፣ የሚቀባዥር ወይም ሊነቃ ያልቻለ ሰው ካለ ወደ 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፤ ካልደረሰ ባገኙት መኪና ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት መድኃኒት አይሆንም። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ የመጀመሪያ ቃልዎ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» ይሁን። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ሊያሳይ ይችላል። ያለፈው ሳምንት ራስ ምታት እስካሁን ያልለቀቀው ሰው ካለ፣ ወይም ሕፃኑ ከወትሮው ፈዘዝ ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩ። ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ማንቂያው ግን ከሰል ለማስገባት ፈቃድ አይደለም።

አሁን ወደ መብራቱ። የታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። አገራችን የምታመነጨው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ነው፤ ክረምት ደግሞ ግድቦች የሚሞሉበት ወቅት ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሰፈርዎ መብራት የሚጠፋው ኃይል ጠፍቶ አይደለም። በግድቡና በእርስዎ አምፖል መካከል ረጅም መንገድ አለ። ከከፍተኛ መስመር ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያ በ15 ሺህ ቮልት ሽቦ ወደ ሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከዚያ በ220 ቮልት ወደ ቆጣሪዎ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው የመጨረሻው ክፍል ነው። ግድብ በመጨመር የሰፈር ምሰሶ አይጠገንም።

ክረምት ይህን ክፍል በብዙ መንገድ ይመታዋል። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩት፣ በበጋ አቧራ የጠጡ የምሰሶ ሲኒዎች የመጀመሪያው ዝናብ ሲያረጥባቸው ኤሌክትሪክ ላያቸው ላይ ይሄዳል፤ መስመሩም ይቆረጣል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል። መብረቅ ይመታል። የሱሉልታ ሜዳ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ የእንጨት ምሰሶም ይዘማል። የከተማው ዳር ደግሞ በፍጥነት እየሰፋ ነው። ለጥቂት ቤቶች የተተከለ ትራንስፎርመር ዛሬ ብዙ ምጣድና ምድጃ ይሸከማል። አመሻሽ ላይ ሁሉም እኩል ሲለኩስ ፊውዙ ይበጠሳል። የእርስዎ መብራት አመሻሽ ላይ የሚጠፋ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወደ ቤት የሚያደርሰውና ጥገናውን የሚሠራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የእርስዎ ጉዳይ ከሁለተኛው ጋር ነው፤ በ905 ይደውሉ። ሲደውሉ የቆጣሪ ቁጥርዎንና አቅራቢያዎ ያለውን ትራንስፎርመር የሚያመለክት ቦታ ይንገሩ። ጎረቤት ይደውላል ብሎ መተው ብዙ ሰፈር ጨለማ ውስጥ ያሳድራል።

ከመደወልዎ በፊት የጎረቤት መብራት መኖሩን ይዩ። የጠፋው የእርስዎ ብቻ ከሆነ የቆጣሪው ካርድ አልቆ እንደሆነ፣ ብሬከሩ ወርዶ እንደሆነ ይመልከቱ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ምሰሶው ላይ፣ የአሉሚኒየሙ ሽቦና የመዳቡ ሽቦ በእጅ ተጠማዘው የተገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ ተነካክተው ዝናብ ሲያገኛቸው ይበላላሉ። መጀመሪያ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። መሰላል ይዘው አይውጡ፤ የሰፈር ልጅም አያስወጡ። መሬት የወደቀ ሽቦ ካዩ ደግሞ የሞተ ነው ብለው አይገምቱ። ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቁ፣ ሰውና ከብት ያርቁ፣ ይደውሉ።

ወደ ገንዘብዎ ልምጣ። ጄኔሬተር አይግዙ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ። ሂተር 2,000 ዋት ይበላል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማሠራት ስድስት ኪሎዋት ያስፈልጋል። የጄኔሬተር ሞተርም እንደ ሰው ኦክስጅን ይፈልጋል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሱሉልታ ላይ ከሩብ በላይ ይጎድላል ማለት ነው። ሦስት ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠልዎ ጄኔሬተር ሁለት ኪሎዋት ከትንሽ ነገር ይሰጣል። ምጣዱን አይነካውም። የእርስዎን ፍላጎት የሚሸከመው ከስምንት ኪሎዋት በላይ የሆነው ነው፤ እሱ ዋጋውም፣ ነዳጁም፣ ጩኸቱም ከባድ ነው። ትንሹ እንኳ ሙሉ ጭነት ላይ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል። ክፍል ለማሞቅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስነሣ ቤተሰብ አላውቅም። ጭሱም ያው የከሰሉ ጋዝ አለበት፤ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር የሚነሣ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

አስቀድመው ጄኔሬተር ያላቸው ሰዎች ይህን ይስሙ። ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ውስጥ ሰክተው ቤቱን አያብሩ። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ምሰሶው ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሺህ ቮልቶች ከፍ ይላል። ጠፍቷል ብሎ የሚጠግነው ሠራተኛ ይሞታል። ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን መቀያየሪያ ሳያስገጥሙ ከቤት መስመር ጋር አያገናኙ።

ጎረቤትዎ ያለው ለመብራቱ ልክ ነው፤ ለሙቀቱ ልክ አይደለም። አንድ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለብዎት። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ የሚበላው ሲቀነስ ወደ 1,000 ዋት ሰዓት ይቀርዎታል። አምስት ኤልኢዲ አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና ስልኮች ተደምረው 135 ዋት አካባቢ ናቸው። ሰባት ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። ልጁ ያጠናል፣ እናትዎ ዜና ያያሉ፣ ማታው ያልፋል። ያንኑ ባትሪ 1,500 ዋት ሂተር ላይ ቢሰኩት አርባ ደቂቃ አይሞላም። ሊትየም ባትሪ ከሆነ እስከ 80 ወይም 90 በመቶ መጠቀም ይቻላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። እሱም ቢሆን ክፍል አያሞቅም።

ሲገዙ የሚጠነቀቁባቸው ነገሮች አሉ። የመኪና ባትሪ አይግዙ፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው፣ ቀስ እያለ ሲፈስ ቶሎ ይሞታል። የሚገዙትን ባትሪ አስመዝኑ። እውነተኛ 200 አምፔር የሊድ ወይም የጄል ባትሪ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሻጩ በአንድ እጁ አንሥቶ ካሳየዎት ላዩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ውሸት ነው። ኢንቨርተሩ ‹ፒዩር ሳይን ዌቭ› የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ርካሹ ፍሪጅን ያስጮሃል፣ ያግለዋል። ከተማ ዳር ላይ ቮልቴጅ ማታ ማታ ይወርዳል፤ ስለዚህ 150 ቮልት ላይም መሙላት የሚችል መሆኑን ይጠይቁ። የማይችል ከሆነ መብራት እያለ ባትሪዎ ባዶ ሆኖ ያድራል። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ መኝታ ቤት አይቀመጥ። ሶላሩ ይቆይ። በሐምሌና ነሐሴ ደመና ፓነሉ ከበጋው በእጅጉ ያነሰ ይሰጣል። ባትሪውን መብራት ባለበት ሰዓት መሙላት ይቻላል።

ታዲያ ብርዱ በምን ይመከት? ቤቱንና ሰውነትን በመያዝ። ብሎኬት ቤት ከጭቃ ቤት ይበርዳል፤ የድሮ ሰዎች ሲሉት የሰማነው እውነት ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ጭድ አለበት፣ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ያልተለሰነ ብሎኬት ግን በየመገጣጠሚያው ነፋስ ያስገባል። ከግድግዳው የባሰው ግን ጣራው ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ይቀበለዋል፣ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ የሚያሞቁት ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው። ማታ ወንበር ላይ ቆመው እጅዎን ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ላይ ያድርጉ። ነፋሱ ጣትዎ ላይ ይሰማዎታል። ያ ክፍተት ብዙ ቤት ውስጥ በቁመት አንድ እጅ ያስገባል፤ በግድግዳው ርዝመት ሲያስቡት በር ከፍቶ እንደማደር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ይውጣ። ቺፕውድ ከሆነ ጥሩ ነው። አቅም ካጠረ ተወጥሮ የተሰፋ ማዳበሪያ እንኳ ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል፤ ከአምፖልና ከሽቦ መገጣጠሚያ ይራቅ እንጂ። ኮርኒሱ ላይ ጭድ ወይም ካርቶን አይደርድሩ። እዚያ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ አንዱ መገጣጠሚያ ቢግል ቤቱ ይቃጠላል። በግድግዳና በጣራ መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ወይም በጭቃ ያስመርጉ። ማድ ቤቱን ግን አይንኩት፤ እዚያ ጭሱ መውጫ ይፈልጋል። የብረት በርና መስኮት ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ ይለጥፉ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፣ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ። ቀን ፀሐይ ብቅ ሲል መጋረጃውን ከፍተው ክፍሉን ያናፍሱ። እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት ውስጥ አይስጡ፤ እርጥበቱ ብርዱን ያብሰዋል፣ ግድግዳውንም ያሻግተዋል።

ሥራው ለክረምት ብቻ አይደለም። የክረምቱ ብርድ እርጥበት ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ነው። ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው ግን ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ሲጥል ነው። ኮርኒሱ ያኔ የበለጠ ይጠቅማል።

ለእናትዎ በከሰሉ ምትክ የሚሰጡት ሙቅ ውሃ ነው። የጎማ ሙቅ ውሃ መያዣ ፋርማሲ ይጠይቁ። ካጡ ወፍራም ክዳኑ የማያፈስ ጠርሙስ ይበቃል። የሃይላንድ ፕላስቲክ የፈላ ውሃ አይችልም፣ ይኮማተራል። ውሃው ትኩስ ሆኖ ያልፈላ ይሁን፤ መያዣውን ካልሲ ያልብሱት፣ ከመተኛታቸው ሩብ ሰዓት በፊት አልጋው ውስጥ እግር አካባቢ ያስገቡት። የቀረውን ውሃ በፔርሙዝ ያስቀምጡ፣ ሌሊት ይሞሉታል። ከሥር የሚመጣው ብርድ ከላይ ከሚመጣው አያንስም፤ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ከሥር ማንጠፍም ይረዳል። ጋቢውና ቡልኮው ከላይ ይሁን። ራስና እግር ይሸፈን።

ለሕፃኑ ሌላ ሕግ ነው። በልኩ ልብስ ደራርበው ያልብሱት እንጂ ከባድ ብርድ ልብስ አይጫኑበት፤ ፊቱ አይሸፈን። ሙቅ ውሃ መያዣ ገላው አጠገብ አይሁን። ክፍሉን ለማሞቅ ሁላችሁም አመሻሹን ኮርኒስ ያለው ሳሎን ውስጥ አሳልፉ። ተቀምጦ ያለ አንድ አዋቂ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። አራት አምስት ሰው ያለበት፣ ነፋስ የማያስገባ ትንሽ ክፍል ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል።

የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ገበያ ላይ ካገኙ ለእናትዎ ይግዙ። ከ60 እስከ 100 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፤ ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ይችለዋል። አልጋውን አሙቀው ሲተኙ ያጥፉት። መብራት ባለበት ጊዜ ሂተር መጠቀም ይችላሉ፤ ግን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት እንጂ በዲቫይደር አይሁን። ሂተር 9 አምፔር ይስባል፤ ቀጭኑ የዲቫይደር ገመድ ይቀልጣል። «ሂተሬ አያሞቅም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ቮልቴጁ ነው። 220 የነበረው ወደ 160 ሲወርድ ሂተሩ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁለተኛ ሂተር መጨመር መስመሩን የበለጠ ያወርደዋል።

የእንጀራውን ነገር ባጭሩ ልበል። ምጣድ በባትሪ አይሞከርም። መብራት ባለበት ቀን፣ ከተቻለ ጠዋት፣ የሦስት አራት ቀን እንጀራ ይጋገር። አመሻሽን ይሽሹት፤ ያኔ ቮልቴጁም ይወርዳል። ለክፉ ቀን ማድ ቤት ውስጥ ሚርት ምድጃ ይኑር፤ እንጨት ይቆጥባል፣ ጭሱም ያነሰ ነው። ለወጥና ለሻይ ቡታጋዝ ይሻላል። ሲሊንደሩ ቆሞ ይቀመጥ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፣ በክብሪት ፈጽሞ አይሞክሩ። ቡታጋዝም ቢሆን ክፍል ማሞቂያ አይደለም።

መብራት ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳት ሲጠፋ ከሚደርሰው ይበልጣል። ሲጠፋ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሂተሩን ይንቀሉ። አንድ አምፖል በርቶ ይቆይ፤ መምጣቱን ይነግርዎታል። ሲመጣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ሁሉም ሰፈር እኩል ሲለኩስ ብዙ ጊዜ ወዲያው ተመልሶ ይጠፋል፤ የፍሪጅ ሞተር በዚያ መሀል ነው የሚቃጠለው። ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ምግብ ያቆያል። ሙሉ ፍሪዘር እስከ ሁለት ቀን ይችላል።

አንድ ምልክት ግን አሥር ደቂቃም አይጠበቅለትም። አምፖሉ ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ ከደመቀ፣ የጎረቤትዎ ደግሞ ከደበዘዘ፣ ወይም ጎረቤት ምጣድ ሲለኩስ የእርስዎ ብርሃን ከጨመረ፣ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ያውርዱ። ምሰሶው ላይ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። ቤትዎ ውስጥ የሚገባው 220 ሳይሆን ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተራ ስታቢላይዘር አያድንም፤ ራሱ ይቃጠላል። የሚያድነው ቮልቴጅ ሲበዛም ሲያንስም የሚቆርጥ፣ ብሬከሩ ጎን የሚገጠም ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። ዋጋው ከአንድ ፍሪጅ ጥገና ያነሰ ነው። ሲያስገጥሙ ኧርዙንም፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ፣ ያስፈትሹ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ ኧርዝ አለ፣ መሬት ውስጥ ግን ምንም የለም።

እንግዲህ ገንዘብዎን በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡ። ከሁሉ በፊት ሙቅ ውሃ መያዣውንና ፔርሙዙን፤ እሱ ዛሬ ይገዛል። ከዚያ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስና የክፍተቶቹ መድፈን። ከዚያ ቮልቴጅ ፕሮቴክተሩና ኧርዙ። ከዚያ አንድ ኪሎዋት ያህል ኢንቨርተር ከአንድ ጥሩ ባትሪ ጋር። የተረፈው ለቡታጋዝ ይሁን። ሂተርን ከባትሪም ከጄኔሬተርም ሐሳብ ውስጥ ያውጡት።

ይህ ዝግጅት ለአንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ለአንድ ቀን ተኩል ነው። መብራት ሁለት ሦስት ቀን ከጠፋ ባትሪው ያልቃል። ያኔ ቴሌቪዥኑን ትተው ሁለት አምፖልና ስልክ ብቻ ካደረጉት ግን ሌሎች ምሽቶች ይጨምራል። ትንሽ የሶላር ፋኖስ ለእንዲህ ያለው ቀን ይኑርዎት፤ ሻማና ኩራዝ ልጅ ባለበት ቤት አይመከርም። ከቤተሰቡ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀም ሰው ካለ ግን ስሌቱ ይለወጣል። እንዲህ ከሆነ ባትሪውን ከመግዛትዎ በፊት የማሽኑን ዋት ከጀርባው አንብበው ይጻፉልኝ።